አንድ የፊት እግር፣ ሁለት ስብራት፣ ሦስት ቀዶ ሕክምና፦ የቡቺ ጉዳይ

ቡቺ የቶይ ፑድል ዝርያ ያላት ሴት ውሻ ስትሆን ግራ የፊት እግሯ በተሰበረበት ዕለት ዕድሜዋ ስምንት ወር፣ ክብደቷ 2.6 ኪሎ ግራም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ልጃችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ አቅፋት ሳለ ከክንዷ ተፈትልካ ወጣችና ወደ ልሙጡ ወለል ዘለለች፤ ከፍታው ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ከዚያ በሦስት እግር ቆማ ግራዋን ከመሬት አነሣች፤ መዳፏ ከአንጓው በላይ ታጥፎ ተንጠልጥሎ ነበር። በዚያው ምሽት እዚህ ሜሪላንድ በሚገኝ የእንስሳት የድንገተኛ ሕክምና ክፍል የተነሣው ራጅ፣ ራዲየስና አልና የሚባሉት ሁለቱ አጥንቶች ከአንጓው መገጣጠሚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ሙሉ በሙሉ መሰበራቸውን አሳየ። ከዚያች ምሽት እስከ መጨረሻው ራጅ 16 ወራት ፈጅቷል። በእነዚህ ወራት ከደረሱባት ችግሮች አብዛኞቹ ከእነሱ በፊት ከተሰጠው ሕክምና የመነጩ ነበሩ፤ ይህን በጊዜው አላየሁትም ነበርና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በዝርዝር ማስፈር ያስፈለገኝ ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማርኩ ሐኪም ነኝ። እዚህ አገር በሐኪምነት የመሥራት ፈቃዱን ገና ስላላገኘሁ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ይህን የምጠቅሰው የመጀመሪያው ውሳኔ ከየት እንደመጣ ስለሚያስረዳ ነው። በዚያች ምሽት ተረኛዋ ሐኪም ሁለት አማራጭ ሰጠችን፤ አንዱ ፕሌት በሚባል ጠፍጣፋ ብረትና በብሎን ማሰር ሲሆን ግምቱ 4,600 ዶላር ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ ስፕሊንት በሚባል ጠንካራ መደገፊያ ደግፎ በፋሻ መጠቅለል ሲሆን ከራጁ ጋር 850 ዶላር ይጠይቃል። በዚህ መጠን ባሉ ውሾች ላይ ስፕሊንት ብዙ ጊዜ እንደማይሳካ በግልጽ ነግራናለች። እኔ ግን በተማሪነቴና ከዚያም በኋላ እግራቸው የተሰበረ ጥጆች፣ ግልገሎችና የፍየል ጠቦቶች በጥጥና በቀርከሃ ታስረው ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ከመንጋው ጋር ሲሮጡ አይቻለሁ። ዓይኔ ያየውን አመንኩ፤ ገንዘቡም አሳሰበኝ። ስፕሊንቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

የጥጃ አጥንትና የቡቺ አጥንት ግን በአንድ ሚዛን የሚታዩ አይደሉም። በማደግ ላይ ያለ ጥጃ አጥንቱ ወፍራም፣ በላዩ ያለው ሽፋንም ደም የጠገበ ስለሆነ ስብራቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአዲስ አጥንት ይከበባል። የቡቺ ራዲየስ በተሰበረበት ቦታ ላይ ስፋቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከእርሳስ ይቀጥናል። በዚያ ቦታ ሥጋ የለም፤ ቆዳና ጅማት ብቻ ነው ያለው። የተሰበረ አጥንት ደግሞ የራሱ የውስጥ የደም መንገድ እስኪጠገን ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም የሚበደረው በዙሪያው ካለው ሥጋ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንስሳት ቀዶ ሕክምና ጥናት የትናንሽና የትላልቅ ዝርያ ውሾችን ራዲየስ አነጻጽሮ፣ በትናንሾቹ የአጥንቱ የታችኛው ጫፍ አካባቢ ያሉት የደም ሥሮች ከትላልቆቹ ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በዚህ ላይ ሁለቱ የተሰበሩ ጫፎች የሚነካኩበት ቦታ ከምስር ፍሬ ብዙም ስለማይሰፋ፣ በፋሻው ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንቅስቃሴ ጫፎቹን ለማለያየት በቂ ነው። ሐኪሟ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ፋሻው በየሳምንቱ ይቀየር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ላይ የሆነውን በዝርዝር ማንሣት እፈልጋለሁ። በዚያ ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋር ነበረች። ውሻ ከቤት ውስጥ መዋሉን ለመቀበል ብዙ ቀን ወስዶባታል፤ ቡቺን በእጇ አትነካም ነበር። አንድ ምሽት ቡና እያፈላች ሳለ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ፋሻ ሸቶኛል፤ ፍታው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ቀጠሮዋ እኮ ነገ ነው» አልኳት።

«እስከ ነገማ ቆዳዋ ያልቃል። ወጌሻ እንኳ ባሰረ በማግስቱ መጥቶ ጣት ያያል፤ አንተ ጣቷን አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። በፋሻው ጫፍ ሁለቱ የመካከል ጣቶች ሆን ተብለው ክፍት ይተዋሉ፤ ጥፍሮቻቸው ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከታዩ ደህና ነው፣ ተራርቀው ከተከፈቱ ግን መዳፉ ማበጡንና ፋሻው መጥበቁን ያመለክታሉ። የቡቺ ጥፍሮች እንደ መቀስ ተከፍተው ነበር፤ ጣቶቿንም ስነካቸው ከቀኙ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆነው አገኘኋቸው። ፋሻውን በዚያው ሰዓት ፈታሁት። ከአንጓዋ በስተኋላ ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ዙሪያዋ የገረጣ ቁስል ተከፍታ ነበር። በአገራችን ሆስፒታሎች ጠብቆ በታሰረ ቀርከሃ ምክንያት ደም ተቋርጦበት እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሕፃን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እናቴም ይህን የምታውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስክትመለስ ድረስ ጠዋትና ማታ የቡቺን ጣቶች የምትዳስሰው እሷ ሆነች። ፋሻ የታሰረለት እንስሳ ያለው ሰው ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ ሦስት ነገር ቢያይ ብዙ ጉዳት ይቀራል፦ የጥፍሮቹን መራራቅ፣ የጣቶቹን ሙቀትና የፋሻውን ሽታ። እርጥበት የነካው ፋሻም ቀጠሮ ሊጠበቅለት አይገባም።

በስድስተኛው ሳምንት የተነሣው ራጅ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ሁለቱ ጫፎች ከመገናኘት ይልቅ ሟሽሸው እንደ ተቀረጸ እርሳስ ሾለዋል፤ በዙሪያቸው የአዲስ አጥንት ጭላንጭል እንኳ አይታይም። ይህ ሐኪሞች «ሕይወት የሌለው አለመጋጠም» የሚሉት ዓይነት ነው፤ አጥንቱ ለመጋጠም መሞከሩን አቁሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ምንም አይፈይድም። ቀዶ ሐኪሙ የሾሉትን ጫፎች ደም እስኪያዩ ድረስ አነሡ፣ ከትከሻዋ አጠገብ ካለው አጥንት ውስጥ ስፖንጅ መሰል አጥንት በትንሽ ማንኪያ አውጥተው በስብራቱ ዙሪያ ሞሉበት፣ ከዚያም ፕሌት በስድስት ብሎኖች አሰሩበት። የእያንዳንዱ ብሎን ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። የብሎን ውፍረት ከአጥንቱ ስፋት 40 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚል መመሪያ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ቀዳዳው ራሱ አዲስ ስብራት ይጋብዛል። በቡቺ አጥንት ላይ ሲሰላ ሢሶው ገደማ ስለሆነ ከመመሪያው ያልወጣ ቢሆንም፣ ሢሶውን ያህል የተቦረቦረ አጥንት ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀረው ያየነው በኋላ ነው።

የዚህ ቀዶ ሕክምና ማገገሚያ ያለ ችግር አለፈ፤ በአሥረኛው ሳምንት አጥንቱ ገጥሞ ታየ። ቡቺ ትሮጥ ጀመር።

ከመጀመሪያው ስብራት ሰባት ወር ሲሆነው እግሯን አብዝታ መላስ ጀመረች። ፀጉሩን ገልጬ ስመለከት በፕሌቱ ታችኛ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ነበረች፤ ስጫናት ጠብታ መግል አወጣች። ናሙናው በላቦራቶሪ ሲመረመር በውሾች ቆዳ ላይ ዘወትር የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ሱዲንተርሚዲየስ የተባለው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። አንቲባዮቲክ ሲሰጣት ቀዳዳዋ ትደፈናለች፤ መድኃኒቱ ባለቀ በአሥር ቀን ገደማ መልሳ ትከፈታለች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ብረት ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ ባዮፊልም የተባለ ዝልግልግ ሽፋን በራሱ ላይ ይሠራል፤ መድኃኒቱ በደም ተሸክሞ እስከ ብረቱ ቢደርስም በሽፋኑ ሥር ያለውን አይጨርሰውም። ስለዚህ ብረቱ እስካልወጣ ድረስ ኢንፌክሽኑ ይመላለሳል። አጥንቱ ባይገጥም ኖሮ ብረቱን አቆይቶ መግሉን በመድኃኒት መቆጣጠር ይሻል ነበር፤ መግል ያለበት አጥንትም ጸንቶ ከተያዘ ይገጥማልና። የቡቺ አጥንት ግን ቀድሞ ስለገጠመ በዘጠነኛው ወር ፕሌቱ ከነብሎኖቹ ወጣ።

ፕሌቱ ሲወጣ የተነሣውን ራጅ ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ስመለከት በፕሌቱ ሥር የነበረው አጥንት ቀጥኗል፤ የአልና የመካከል ክፍልም ጨርሶ ሊጠፋ ተቃርቧል። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ አጥንት የሚሸከመውን ጭነት ተከትሎ ራሱን እንደሚቀርጽ ገልጿል፤ ጭነት ሲበዛበት ይጠነክራል፣ ጭነት ሲነሣለት ይሳሳል። ፕሌት ጭነቱን ከአጥንቱ ላይ ተቀብሎ ይሸከማል። ለስብራቱ የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ነገር ግን ስብራቱ ከገጠመ በኋላ ብረቱ መሸከሙን ሲቀጥል አጥንቱ እየሰነፈ ይሄዳል። እንደ ቡቺ ባለ ቀጭን አጥንት ላይ ይህ ነገር ፈጥኖ ይታያል። አሁን ደግሞ ስድስት ባዶ ቀዳዳ ያለበት የሳሳ አጥንት ብረቱ የተሸከመውን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲረከብ ተደረገ። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ስላወቁ ለሦስት ሳምንት ስፕሊንት አደረጉላት፤ ከኬጅ እንዳትወጣም አዘዙ።

ስፕሊንቱ የወጣው በ21ኛው ቀን ነው። በ23ኛው ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡቺን ለሽንት ላወጣት ማሰሪያዋን አድርጌላት ከኬጁ ፊት ቆመን ነበር። ልጄ በሩን ከፍታ ስሟን ጠራቻት። ቡቺ አልዘለለችም፤ በደስታ በቆመችበት አንድ ዙር ዞረች፣ እግሯም በወለሉ ላይ ጥቂት ተንሸራተተ። ድምፁን ሦስታችንም ሰማነው። አጥንቱ ከታች ሁለተኛ በሆነው የብሎን ቀዳዳ ላይ ተሰብሮ ነበር።

ልጄ ያን ቀን ማታ ራት አልበላችም። «አባዬ፣ እኔ ባልጠራት ኖሮ አትዞርም ነበር» አለችኝ። ምንም ብላት እንደማትሰማኝ ስላወቅሁ ራጁን ከፍቼ አሳየኋት፤ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አስቆጠርኳት፣ ስብራቱ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ሳይሆን በአንዱ ቀዳዳ መካከል አልፎ እንደሄደ በጣቷ እንድትከተለው አደረግሁ። በቆሎ እሸት ስንሰብር ለምን ከአንድ ቦታ እንደሚቀነጠስ ጠየቅኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ታዲያ ሌሎቹ ቀዳዳዎችስ መቼ ይሞላሉ?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ፕሌቱ ከመውጣቱ በፊት እኔ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ባዶ የብሎን ቀዳዳ በአጥንት እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል፤ ሦስት ሳምንት ስፕሊንት ያደረገችው ውሻ ግን ሕመም ስለሌላት እንደ ዳነች ይሰማታል። ከሁሉ የሚያሠጋው ጊዜ ሕመሙ ጠፍቶ ጥንካሬው ገና ያልመጣበት ወቅት ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ሦስት መንገድ አቀረቡልን። እግሩን ከትከሻ ቆርጦ ማንሣት፣ ሌላ ረዘም ያለ ፕሌት ማሰር፣ ወይም ፒን የሚባሉ ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን ከቆዳ ውጭ በሚቆም ማሰሪያ መያዝ። ባለቤቴ ቆረጣውን ደገፈች፤ ምክንያቷም የሚናቅ አልነበረም። ትንሽ ውሻ በሦስት እግር ደህና ኑሮ ትኖራለች፣ ሥቃዩም በአንድ ጊዜ ያበቃል። «ደክሞናል፤ እሷም ደክሟታል» አለችኝ። ቆረጣን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ሰው ካለ አልስማማም፤ ለብዙ እንስሳ ትክክለኛው ሕክምና እሱ ነው። እኔን ወደ ኋላ ያስባለኝ የቀኙ እግር ነው። ውሻ ስትቆም ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮች ናቸው፤ የቀኙም አጥንት እንደ ግራው 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ደሙም እንደ ግራው ትንሽ ነው። የሁለቱን ሸክም ለእሱ ብቻ መስጠት አስፈራኝ። አዲስ ፕሌት ደግሞ መግል በቆየበት ቦታ ላይ እንደገና ብረት ማስቀመጥ ስለሆነ ሦስተኛውን መረጥን። ከዚያ በፊት ግን ካልሲየሟ፣ ፎስፎረሷና ኩላሊቷ በደም ምርመራ ታይተው ደህና ሆነው ተገኝተዋል፤ ምግቧም ለቡችላ የተዘጋጀ የተመጣጠነ ምግብ ነበር። ይህን የማነሣው በእኛ ቤቶች ውሻን በጥሬ ሥጋና በጉበት ብቻ ማሳደግ ስላለ ነው። ሥጋ ፎስፎረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውነቷ የጎደለውን ካልሲየም ከራሷ አጥንት ይወስዳል፤ እንደዚያ ያደገች ቡችላ ያለ ዝላይም ልትሰበር ትችላለች።

ማሰሪያው እንዲህ ነው የሚሠራው። ከስብራቱ በላይ ሦስት፣ በታች ሁለት ቀጫጭን ፒኖች በቆዳው ውስጥ አልፈው አጥንቱን ይበሳሉ፤ ጫፎቻቸው ከውጭ በኩል አክሪሊክ በሚባል እንደ ሊጥ ተቦክቶ በሚደርቅ ነገር አንድ ላይ ይያዛሉ። በስብራቱ ላይ ምንም ብረት አያርፍም። የተሻለው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ አጥንቱ እየጠነከረ ሲሄድ ፒኖቹን በየተራ በማውጣት ጭነቱን ጥቂት በጥቂት ለአጥንቱ ማስረከብ ይቻላል። ፕሌቱ ሲወጣ በአንድ ቀን የተደረገው እዚህ በሳምንታት ይደረጋል።

የየዕለቱ ሥራ የቤተሰቡ ሆነ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ቡቺን በፎጣ ጠቅልላ ትይዛታለች፣ ልጄ የእጅ ባትሪ ታበራለች፣ እኔ በጨው ውኃ በራሰ ጎዝ የእያንዳንዱን ፒን ዙሪያ አጸዳለሁ። ደርቆ የተጣበቀ ንጹሕ ቅርፊት አይነቀልም፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው። ጥቂት ጥርት ያለ ፈሳሽ ይጠበቃል፤ ቢጫና ወፍራም ከሆነ፣ ቆዳው ከቀላ፣ ወይም ትረግጥ የነበረች ውሻ በድንገት መርገጥ ካቆመች ግን ፒን ላልቶ ወይም ኢንፌክሽን ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በአምስተኛው ሳምንት ይኸው ደረሰ፤ ከላይ ካሉት ፒኖች አንዱ ላልቶ እግሯን አነሣች፣ በማግስቱም ወጣላት፤ በሦስት ቀን ውስጥ መርገጧን ቀጠለች። ከአጥንቱ በተወሰደ ናሙና የተመረጠው አንቲባዮቲክ ስድስት ሳምንት ተሰጣት። ለሕመሙ ሜሎክሲካምና ጋባፔንቲን፣ በኬጅ ውስጥ እንድትረጋጋ ደግሞ ትራዞዶን ታዘዘላት። ለሰው የሚሸጠው የጋባፔንቲን ፈሳሽ አንዳንዱ ለውሻ መርዝ የሆነ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አለበት፤ አይቡፕሮፌንም ለውሻ ሆድና ኩላሊት አደገኛ ነው። ከሰው መድኃኒት ቤት ምንም ነገር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ስለ ገንዘቡም ሳልሸሽግ ልናገር። በ16 ወራት ያወጣነው ወደ 14 ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ ከፊሉን አሁንም በየወሩ እየከፈልን ነው። ኢንሹራንስ የገባንላት ከመጀመሪያው ስብራት በኋላ ስለነበር ለዚያ እግር አንድም ሳንቲም አልከፈለም፤ ቀድሞ የነበረ ጉዳት አይሸፍንምና። እናቴ በስልክ የገንዘቡን ልክ ስትሰማ ብዙ ዝም አለች። በዚያ ገንዘብ ስንት ነገር እንደሚሠራ እሷም እኔም እናውቃለን። ክርክር አላነሣችም፤ «ጣቷ ሞቅ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በስምንተኛው ሳምንት ሁለት ፒኖች ወጡ፤ በ13ኛው ሳምንት የቀሩት ሁለቱም ከአክሪሊኩ ጋር ተነሡ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ጠይቋል። መጀመሪያ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ በገመድ ተይዛ በዝግታ መራመድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ደቂቃ መጨመር፤ ወለሉን ሁሉ የማያንሸራትት ምንጣፍ አለበስነው፣ በደረጃው ላይና በሶፋው ፊት አጥር አቆምን፣ ልጄም ቡቺን ማቀፍ ስትፈልግ ወለል ላይ መቀመጥን ለመደች።

ዛሬ ቡቺ በአራት እግሯ ትሄዳለች። ግራው ከቀኙ ስምንት ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ መዳፉም ጥቂት ወደ ውጭ ዞሯል፤ ብርድ ባለበት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን አምስትና ስድስት እርምጃዎች ታነክሳለች። በመጨረሻው ራጅ ላይ ራዲየሱ ወፍሯል። ልጄ ቀዳዳዎቹን እንደገና ቆጠረች፤ ከስድስቱ አምስቱ ተሞልተዋል፣ ከላይ በኩል ያለው አንዱ ግን እንደ ጥላ ሆኖ አሁንም ይታያል። በሶፋው ፊት ያለውን አጥር እሱ እስኪጠፋ አላነሣነውም።